እፍኝ ቅጠል

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ "መቼ ነው የምትጨርሰው?" የቀበሌው ሊቀመንበር ከስብሰባ ስንወጣ ይጠይቀኛል፤ ዳቦ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመችው ሴትዮ ዞር ብላ ትጠይቀኛለች፤ አማቴ ራት በቀረበ ቁጥር ይጠይቁኛል። ዶክትሬት እንደ እርግዝና ቀኑ ሲደርስ በራሱ የሚመጣ ይመስላቸዋል። የእኔም መልስ አንድ ነበር፤ "ዘንድሮ።" ይህን "ዘንድሮ" ብዙ ዓመት ከመደጋገሜ የተነሣ እኔ ማፈር፣ እነሱም መሳቅ ጀመሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ፣ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሳለሁ፣ ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ አንድ የአውሮፓ ከተማ ተላክሁ። ውሉ ግማሽ እዚያ፣ ግማሽ እዚህ የሚል ነበር፤ ትምህርቱንና ጽሑፉን እዚያ፣ ምርምሩን እዚህ አገር። ሲሰሙት ከሁለት ማዕድ መብላት ይመስላል። ኑሮው ግን ከሁለቱም መጉደል ነው። እዚያ ስሆን ሐሳቤ እዚህ፣ እዚህ ስሆን ሐሳቤ እዚያ። ባለቤቴ "አንተ ሰውዬ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ትለኝ ነበር። ራት እየበላሁ እነሣለሁ፤ መስኮት ድረስ ሄጄ ነፋሱን አያለሁ፤ ተመልሼ እቀመጣለሁ፤ ደግሞ እነሣለሁ። ነፋስ ሲነሣ ቅጠል ይረግፋላ! የእኔ ምርምር ደግሞ የቅጠል ነበር።

የእንጦጦ ባሕር ዛፍ በዓመት ምን ያህል ቅጠል ያራግፋል? ያ ቅጠል መሬቱ ላይ ቢቀር አፈሩን ምን ያደርገዋል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። አገር በድርቅ በተመታበት ዘመን ይህን ለሰው ማስረዳት ያሳፍር ነበር። "ሕዝብ በረሃብ እያለቀ አንተ ቅጠል ትመዝናለህ?" ያለኝ ጓደኛ አለኝ። አልተቀየምኩትም፤ ራሴን በራሴ ብዙ ቀን ብየዋለሁ። አፈር ታጥቦ ሲያልቅ አይደል ረሃብ የሚመጣው ብዬ እጽናናለሁ፤ ትንሽ ቆይቶ ጭንቀቱ ይመለሳል።

የምንኖረው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሰፈር፣ በአማቴ ግቢ ውስጥ ከኋላ በኩል በተሠራች ሁለት ክፍል ቤት ነበር። አማቴ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ መሪ የናፈቃቸው፣ በረንዳ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በድምፁ ብቻ የሚያሙ ሰው ናቸው። ባለቤቴ መገናኛ አካባቢ ባለ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። እኔ ደግሞ ከአሮጌ አጎበር ከረጢት አሰፍቼ ጫካ ለጫካ የምዞር የቤቱ አማች ነበርኩ።

ከረጢቶቹ አፋቸውን ወደ ሰማይ ከፍተው፣ በአራት በአራት ችካል ላይ የተወጠሩ ናቸው፤ ከፍታቸው እስከ ወገብ ይደርሳል። ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠል መሬት ሳይነካ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ የወደቀውን እሰበስባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እመዝናለሁ። ግማሾቹን የተከልኳቸው ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል በሚመጣው የእግር መንገድ ዳር ነው፤ ግማሾቹን ሰው በማይደርስበት የጫካው ሆድ ውስጥ። እግር የበዛበት መሬት ላይ የቆመ ዛፍና እግር ያልደረሰበት መሬት ላይ የቆመ ዛፍ አንድ ዓይነት ያራግፉ እንደሆነ ለማየት ፈልጌ ነው።

መከራው ብዙ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ማድረቂያ ምድጃ ያለበትን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰው ለሰፈራ ዘመቻ ሲሄድ ቁልፉም አብሮት ዘመተ። ስለዚህ ቅጠሌን በአማቴ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አደርቅ ጀመር፤ ደመና በመጣ ቁጥር መሰላል ላይ ነኝ። በመጀመሪያው ወር ደግሞ አብዮት ጠባቂዎች ጫካ ውስጥ ያዙኝ።

"ምንድን ነው የምታጠምደው?" አለኝ አንደኛው፣ ከረጢቴን በጠመንጃው አፍ እየነካካ።

"ቅጠል።"

"ቀልደኛ ነህ" አለና ወደ ቀበሌ ነዳኝ።

የትብብር ደብዳቤዬ ማህተም ደብዝዟል ተብሎ ግማሽ ቀን ቀበሌ አስቀመጡኝ። በዚያ ዘመን ቀበሌ ግማሽ ቀን መቀመጥ የዋዛ ነገር አልነበረም፤ ገብቶ ያልወጣ ሰው በየቤቱ አለ። ፈርቼ ነበር። ያስፈቱኝ አማቴ ናቸው። "ጓዶች፣ ይህ ሰው እብድ ነው እንጂ ፀረ አብዮት አይደለም። ካላመናችሁ ኑና ጣሪያዬን እዩ" አሏቸው። መጥተው አዩ። ጣሪያ ሙሉ የተሰጣ ቅጠል ሲያዩ እርስ በርስ ተያይተው ሄዱ።

ዓመቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ዕድሌ የተቃና መሰለኝ። የመንገድ ዳሮቹ ከረጢቶች ከጫካ ውስጦቹ ይልቅ ይከብዱ ጀመር። አንድ ጊዜ ቢሆን አጋጣሚ ነው እል ነበር፤ እነሱ ግን ሁልጊዜ ይከብዳሉ፤ በበጋው ወራት ደግሞ በብዙ። ምክንያቱን አንሶላ ውስጥ እየተገላበጥኩ አገኘሁት። የሰው እግር አፈሩን ይጠቀጥቀዋል፤ የተጠቀጠቀ አፈር ውሃ አያስገባም፤ የተጠማ ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን ይጥላል። እንዴት ያምራል! አውሮፓ ላሉት አማካሪ ፕሮፌሰሬ ጻፍኩላቸው። "ይህ አዲስ ነገር ነው፣ በርታ" የሚል መልስ ሲመጣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዓመቱ ሳይሞላ ምዕራፉን መጻፍ ጀመርኩ። የመውጫ ቪዛ ማመልከቻዬ ገባ፣ አማቴ ዋስ ሆኑኝ፣ ኅዳር ላይ ለመብረር ቀን ተቆረጠ። ባለቤቴ ማርገዟን የነገረችኝም ያን ሰሞን ነው።

"ልጁ ዳዴ ሳይል ትመለሳለህ" አለችኝ። መጠየቋ አልነበረም።

"እመለሳለሁ" አልኳት። ቁጥሮቼ አልቀው፣ ምዕራፌ ተጋምሶ፣ ለምን አልመለስም?

መስከረም ላይ፣ ሥራው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ የቀበሌ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት ተጠራ። መቅረት አይቻልም። ስለዚህ ወደ ተራራው የወጣሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰዓት በኋላ፣ ቅጠል ለቃሚዎቹ ሴቶች በሚወርዱበት ሰዓት ሆነ። እነዚህ ሴቶች ከጫካው መሬት ላይ ቅጠል ጠርገው በጆንያ፣ ጭራሮ አስረው በጀርባ፣ ከተማ አውርደው ለማገዶ የሚሸጡ ናቸው። እርስ በርሳቸው ኦሮምኛ፣ ከእኔ ጋር አማርኛ ይናገራሉ። ጠዋት ጠዋት ሽቅብ ሲወጡ ሰላምታ እንለዋወጣለን። ከመሬት ቢጠርጉ ግድ አልነበረኝም፤ የእኔ ከረጢት ከመሬት በላይ ነው። ከከረጢቴ አንዲት ቅጠል እንዳይወስዱብኝ ግን መጀመሪያውኑ ለምኛቸው፣ እሺ ብለውኛል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ጠርጥሬ ነበር፤ የጠረጠርኩት ግን ስርቆትን ነው።

ከረጢቶቼ በቆሙበት የእግር መንገድ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሴቶቹ ሸክማቸውን ዳገቱ ላይ አስደግፈው አርፈዋል። በመካከላቸው ከበሽታ የተነሣች የምትመስል ከሲታ ሴት አለች፤ ጆንያዋ ከግማሽ አላለፈም። ማንም ምንም ሳይናገር ሁሉም ከየጆንያቸው እፍኝ እፍኝ እያነሡ የእሷ ውስጥ ጨመሩ። እሷም አላመሰገነችም፤ ጆንያዋን ነቅነቅ አድርጋ ቅጠሉን ጠቀጠቀችና አፉን አሰረች። የለመዱት ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ደስ ብሎኝ ቆሜ አየሁ።

ከዚያ በዕድሜ ትልቋ ሴትዮ ተነሡ። ወደ መንገድ ዳሩ ከረጢቴ ሄዱ፣ ጎንበስ ብለው ውስጡን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ ጆንያቸው ተመልሰው አንድ እፍኝ ቅጠል አነሡና ከረጢቴ ውስጥ አደረጉ። ከኋላቸው ሌላዋ ተነሣች። ከዚያ ሌላዋ።

"እማማ!" ብዬ ስጮህ ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። "ምን እያደረጉ ነው?"

እሳቸው እቴ፣ ደንገጥም አላሉ። "መጣህ ልጄ? ዛሬስ ዘገየህ። ይቺን ልንሞላልህ ነዋ፤ አታያትም፣ ጎዶሎ ናት።"

"ለምን ትሞሉልኛላችሁ?"

"ለምን ማለት ምን ማለት ነው? ጎዶሎ ተይዞ ይወረዳል እንዴ? እኛ ዘንድ ማንም ጎዶሎ ይዞ አይወርድም።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ይቺን ከተከልክ ጀምሮ ነዋ! መጀመሪያማ ሳቅንብህ። ይሄ ሰውዬ ነፋስ እስኪያመጣለት ነው የሚጠብቀው ብለን። በኋላ አሳዘንከን። መነጽር ያደረገ፣ የተማረ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ዳገት ወጥቶ ለዚያች ለቅምሻ ቅጠል! ሚስቱስ ምን ትለዋለች አልን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ከየጆንያችን እፍኝ ብትነሣ ምን ይጎድልብናል?"

ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሁሉ ተናደ። "ስንት እፍኝ ነው የጨመራችሁት? በስንት ቀን አንዴ?"

"እፍኝ ይቆጠራል እንዴ?" አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው። "ዝናብ ካልሆነ፣ ዓመት በዓል ካልሆነ፣ ዘበኛ ካላባረረን በየቀኑ ነዋ። መንገዱ ዳር ያለችው ሁሉ ስትጎድል እንጨምራለን፣ ሞልታ ካገኘናት እናልፋለን።"

"አበላሻችሁት! ዓመቱን ሙሉ አበላሻችሁብኝ!" እኔ ደመ ፍሉ ነኝ፤ ሲቆጣ የሚያምርበት ሰው አለ፣ እኔ አልታደልኩም፤ እንደ ሕፃን እግሬን መሬት መታሁ። ትልቋ ሴትዮ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "ሰጥተን ተሰደብን፤ ኢጆሌ፣ ልጆቼ፣ ተነሡ እንሂድ" አሉ። ሸክማቸውን አንሥተው ወረዱ።

እኔ አልወረድኩም። እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጣሁ፤ ተመልሼ ወረድኩ፤ ቤቴን አልፌ መገናኛ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። የት እንደምሄድ አላውቅም፤ መቆም ብቻ አልቻልኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም። የተጠማ ዛፍ የለም፤ የተጠቀጠቀ አፈርም የለም፤ የሴቶች ርኅራኄ ነው ስመዝን የከረምኩት። ምን ያህሉ የዛፉ፣ ምን ያህሉ የእነሱ እንደሆነ ለይቶ የሚያወጣ ሒሳብ ደግሞ የለም።

እንዲህ እየተራመድኩ ሌላ ሐሳብ መጣልኝ። ማን ያውቃል? ሴቶቹ የእኔን ጽሑፍ አያነቡም። ፕሮፌሰሩ እንጦጦን አይረግጡም። ቁጥሩ ያምራል፣ ምዕራፉ ተጋምሷል፣ ቪዛው ተጠይቋል። እውነቱን ከተናገርኩ ግን አንድ ሙሉ ዓመት እንደገና ልጀምር ነው፤ እሱም የትምህርት ዕድሉን ካልሰረዙብኝ ነው።

ለባለቤቴ በማግስቱ ነገርኳት። ልብስ እያጠበች ነበር። ጨርሳ ሰማችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቴን አይታ መሳቋን ተወች።

"እና ምን ልታደርግ ነው?"

"ልነግራቸው ነው። እንደገና መጀመር አለብኝ።"

"አንድ ዓመት?"

"አንድ ዓመት።"

እጇን ከሳሙናው ውሃ አወጣች። "ስማኝ። እኔ ሦስት ዓመት ጠብቄሃለሁ። ዘንድሮ ስትል ዘንድሮ ብያለሁ። ጻፈው።"

"ውሸት ነው እኮ!"

"አንተ አልዋሸህም። ተሳስተህ ነበር፣ በቃ። ሰው ተሳስቶ አይጽፍም?"

"አሁን ግን አውቄአለሁ።" መልስ ያገኘሁ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። "አንቺ የሕመምተኛ ሙቀት ሳትለኪ ትጽፊያለሽ?"

"የእኔ ሕመምተኛ ይሞታል" አለች። "የአንተ ቅጠል ማንን ይገድላል?"

ጻፈው ያለችኝን ማድረግ እንዳልቻልኩ ብቻ ነው የማውቀው፤ ያንን ምዕራፍ አውጥቼ ባየሁት ቁጥር የዚያ እፍኝ ቅጠል ድምፅ ይሰማኛል፤ ብዕሬ እምቢ ይላል። ጨዋነት ነው ልል አልችልም። ምናልባት ፍርሃት ነበር። ባለቤቴ ብዙ ቀን አላናገረችኝም፤ አማቴ ነገሩን ከእሷ ሰምተው ራት ላይ፣ "ፍሬን እንደሌለው የምታውቀውን መኪና ይዘህ ቁልቁለት አትጀምርም" አሉኝ። ደስ አለኝ። እሳቸው ግን ጉርሻቸውን ውጠው፣ "ይህን ያልኩህ ስለ መኪና ነው። ልጄን ካስለቀስካት ሌላ ጉዳይ ነው" ብለው ጨመሩበት።

ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ። ደብዳቤ በዚያ ዘመን ሳይከፈት አያልፍም፤ አንድ ሰው የሆነ ቢሮ ቁጭ ብሎ የቅጠሌን ታሪክ አንብቦ ምን ምስጢር ይሆን ብሎ ሳይጨነቅ አልቀረም። መልሱን ስጠብቅ ሰውነቴ ሁሉ አሳከከኝ። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሣሩን አስጨነቅሁት። መልስ ሳይመጣም ከረጢቶቼን ባዶ አድርጌ እንደገና ወጠርኩ። ካለዚያ ምን እሠራለሁ?

ሴቶቹን ይቅርታ ለመጠየቅ ዳቦ ይዤ ወጣሁ። ትልቋ ሴትዮ ዳቦውን ቆርሰው ለሁሉም አደሉና እስክጨርስ ሰሙኝ። ከረጢቱ ጎዶሎ ከሆነ ጎዶሎ፣ ባዶ ከሆነ ባዶ ይሁን፣ እኔ የምፈልገው ያንኑ ነው አልኳቸው።

"እሺ" አሉ። "ግን ልጄ፣ ዓይናችን እያየ?"

"ዓይናችሁ እያየ።"

በሚቀጥለው ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሆን ብዬ ስወጣ መታጠፊያው ላይ ማንም የለም። ሴቶቹ ማረፊያቸውን ትተው፣ ጥላ የሌለው፣ ድንጋያማ ቁልቁለት ላይ ወርደው አርፈዋል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያርፉት እዚያ መታጠፊያ ላይ ነበር። ጎዶሎዬን እያዩ መቀመጥ ስላልቻሉ ትተውልኝ ሄዱ። ያን ቀን በጣም ከፋኝ፤ ተመለሱም ማለት አልቻልኩም።

የፕሮፌሰሩ መልስ የገና በዓል ሳይቃረብ መጣ፤ አንድ ዓመት ተፈቅዷል፣ ያለ ድጎማ። በባለቤቴ ደመወዝ ኖርን። መጋቢት ላይ ሴት ልጅ ተወለደችልን፤ እኔም በቦታው ነበርኩ፤ ሲጨልም ካለቀሰች የማባብላት እኔ ነኝ፤ ለካ መንቆራጠጥ ለአንድ ነገር ይጠቅማል፣ ደረቴ ላይ ይዣት ስዞር ትተኛለች። ዓመቱ ሲሞላ ቅጠሉን መዘንኩ። የመንገድ ዳሩም የጫካ ውስጡም ያው ሆነ። ልዩነት የለም። ያ ሁሉ የሚያምር ሐሳብ እንደ ጉም በነነ፤ እኔም ባዶውን ይዤ ኅዳር ላይ በረርኩ። ልጄ ዳዴ ማለት ጀምራ ነበር።

ጽሑፉ ከታሰበው በላይ ተጓተተ። በመጨረሻ ፈታኝ ፕሮፌሰሮቹ ፊት የቆምኩ ቀን ከመካከላቸው አንዱ፣ "የመጀመሪያውን ዓመት ለምን ጣሉት?" ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እኔ ግን አብሬ መሳቅ አልቻልኩም። አለፍኩ። እጄን ጨበጡኝ፣ ዶክተር አሉኝ። ከአዳራሹ እንደወጣሁ ስልክ ቤት ሄጄ፣ ባለቤቴ ወደምትሠራበት ጤና ጣቢያ ጥሪ አስያዝኩ።

"አለፍክ?"

"አለፍኩ።"

እልል ትላለች ብዬ ነበር። "ምን ጠየቁህ?" አለች።

"የመጀመሪያው ዓመት የት ሄደ አሉኝ።"

"ምን አልክ?"

"እውነቱን።"

መስመሩ ሿ አለ። የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ፣ ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ደስ ብሎኛል። የእውነቴን ነው። ግን እወቀው፤ ዛሬም ብትጠይቀኝ ጻፈው ነው የምልህ።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ልጅህ አፍ ፈታች። አባዬ የምትለው አባቴን ነው። ትናንት ፎቶህን አሳይቻት ይሄ ማነው ስላት 'ጋሼ' አለችኝ።"

ልመልስ ስል የተፈቀደልን ደቂቃ አለቀ። ጓደኞቼ በዚያ ቀን ትንሽ ግብዣ አዘጋጅተውልኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀመርኩ፤ ለበረራው ግን ገና ሳምንት ይቀረው ነበር።